ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ ሳቹሬሽኑ ሲወርድ፦ አልትራሳውንድ፣ ፖርተብል ራጅ ወይስ ሲቲ?

ቀይ_አላርም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ታካሚ ድንገት ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ሲወርድ እኛ ጋ መጀመሪያ የሚታዘዘው ፖርተብል ራጅ ነው። ፊልሙ እስኪደርስ ጊዜ ይሄዳል፤ ደርሶም ሳንባው ነጭ ሆኖ ይታያል እንጂ ውሃ ቋጥሮ ይሁን፣ ኒሞንያ ይሁን፣ ሳንባው ተጨማድዶ ይሁን አይለይም። ሲቲው ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። አልትራሳውንድ አለን፣ ሊኒየርም (ላይ ላዩን አጥርቶ የሚያሳይ) ኮንቬክስም (ጠለቅ ያለውን የሚያሳይ) ፕሮብ አለው። ለየትኛው ጥያቄ የትኛውን እንመን? በተለይ ኒሞቶራክስን (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር) በአልትራሳውንድ ብቻ አይቶ ቼስት ቲዩብ (አየሩን የሚያስወጣ የደረት ቱቦ) ማስገባት ያስኬዳል?

ተረኛ፦
የመተንፈሻ ቱቦው ተዘግቶ፣ ወጥቶ ወይም ወደ ቀኝ ብሮንከስ (ወደ ቀኝ ሳንባ የሚሄደው የአየር መስመር) ገብቶ እንዳይሆን ቀድማችሁ እዩ። የደም ግፊቱ ወርዶ አንዱ ወገን አየር የማይገባው ከሆነ ደግሞ ምንም ምስል አይጠበቅም፣ አየሩን ማስወጣት ነው።

ጊዜ ካለ ፕሮቡ ይቅደም። ታካሚው በጀርባው ስለተኛ አየሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሊኒየሩን ከክላቪክል በታች፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጎድን መካከል ቁመቱን አሳርፉ። ከሁለቱ ጎድን ጥላ መሃል፣ ከጎድኑ ግማሽ ሴንቲ ያህል ዝቅ ብሎ የሚያበራው መስመር ፕሉራ (የሳንባ ሽፋን) ነው። ከትንፋሹ ጋር ከተንሸራተተ፣ እዚያ ቦታ ላይ ኒሞቶራክስ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው፦ መንሸራተቱ ስለጠፋ ብቻ ኒሞቶራክስ ነው ማለት። ቱቦው ቀኝ ከገባ የግራው ሳንባ አይንሸራተትም፤ በድሮ ቲቢ የተጣበቀ ፕሉራም፣ ከባድ ኤአርዲኤስም (ሁለቱንም ሳንባ የሚያጠቃ ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ጉዳት) እንዲሁ። ስለዚህ ሁለተኛ ምልክት ፈልጉ። ቢ-ላይን (ከፕሉራ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ ጨረር) ካለ፣ ወይም መስመሩ ከልብ ምት ጋር ትር ትር ካለ እዚያ ኒሞቶራክስ የለም። ፕሮቡን ወደ ጎን ስትገፉ በአንድ ቦታ ላይ መንሸራተቱ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ ላንግ ፖይንት ማለት እሱ ነው፤ ያንን ካያችሁ ቲዩብ ማስገባት ያስኬዳል። ሳንባው ከደረት ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ከተለየ ግን ላንግ ፖይንት አይገኝም።

አንድ የማሽን ነገር፦ ኮምፓውንድና ሃርሞኒክ የሚባሉት ምስል የሚያለሰልሱ የማሽኑ ማስተካከያዎች ካልጠፉ ቢ-ላይኑ ይደበዝዛል።

ፊልም_አንባቢ፦
በ2004 የታተመው የሊሽተንስታይን ጥናት 32 የኤአርዲኤስ ታካሚዎችን ከሲቲ ጋር አነጻጽሮ፣ ለኢፊውዥን (በሳንባው ዙሪያ ለተጠራቀመ ውሃ) የአልትራሳውንድ ትክክለኛነት 93%፣ የፖርተብል ራጅ 47% ሆኖ አገኘው። ስቴቶስኮፕ 61% ነበር፣ ራጃችንን በለጠው ማለት ነው! ለኮንሶሊዴሽን (አየር አልባ ሆኖ ለጠጠረ ሳንባ) አልትራሳውንዱ 97%፣ ራጁ 75%። ቁጥሩ ትንሽ፣ እጁም የለመደ እጅ መሆኑ ግን አይረሳ።

ራጅ አይቀርም። የቱቦና የሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ጫፍ የሚታየው እዚያ ነው። አገጭ ወደ ደረት ሲጠጋ የቱቦው ጫፍ 2 ሴ.ሜ ገደማ እንደሚወርድ አስቡ፤ ራጅ ሲነሳ አንገቱ እንዴት እንደነበር ካልተጻፈ ልኬቱ ያሳስታል። ከቆዳ ስር አየር ከገባ አልትራሳውንዱ ምንም አያሳይም። ቡላ (በሳንባ ውስጥ ያለ ትልቅ የአየር ከረጢት) ያለበት ሳንባም ኒሞቶራክስ ይመስላል፤ ታካሚው ከተረጋጋ እንዲህ ያለውን ቲዩብ ሳትነኩ ወደ ሲቲ ውሰዱት። ፑልሞናሪ ኢምቦሊዝም (የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋት) እና ፕሉራ የማይነካ መግልም የሲቲ ናቸው።

ለጉዞው ኦክስጅኑን አስሉ፦ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር 1500 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከሄደ 150 ደቂቃ። ግማሹን ብቻ ያላችሁ አድርጋችሁ ውጡ። ወደ ትራንስፖርት ቬንቲሌተር ስትቀይሩ ቱቦውን ለአፍታ ቆንጥጡት፣ አለዚያ ፒፑ (ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባውን ክፍት የሚያቆየው ግፊት) ይጠፋና ሳንባው ይጨማደዳል።

ቀይ_አላርም፦
ግልጽ ነው። ውሃ ሆኖ ከተገኘስ መጠኑን በፕሮቡ መገመት ይቻላል?

ተረኛ፦
ይቻላል። ጀርባውን 15 ዲግሪ ቀና አድርጉ፣ ኮንቬክሱን በብብት የኋላ መስመር ላይ ከሳንባው ግርጌ አግድም ያዙ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ በሁለቱ ፕሉራ መካከል ያለውን ትልቁን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩና በ20 አባዙት። 30 ሚ.ሜ ከሆነ 600 ሚ.ሊ ገደማ ነው። ግምት ነው እንጂ ልክ አይደለም።

ኮንሶሊዴሽን ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ነጫጭ የአየር መስመሮች እዩ። ከትንፋሽ ጋር የሚሮጡ ከሆነ ወደ ኒሞንያ ያደላል፤ ባሉበት ከቆሙ ግን አቴሌክታሲስም (የሳንባ መጨማደድ) ኒሞንያም ሊሆን ይችላል።

መርፌ ከመግባቱ በፊት ድያፍራሙን፣ ከስሩም ጉበት ወይም ስፕሊን (ጣፊያ) ለይታችሁ እዩ። ታካሚው ቦታ ከቀየረ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ አይሠራም፣ እንደገና ይታያል።