ታወሩ ይነሳ ወይስ ልጆቻችን ይቆጠሩ?

የታቦሩ፦ ጎረቤቶች፣ እዚህ ሐዋሳ ታቦር ሥር ባለው ሰፈራችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች የደም ካንሰር ተገኘባቸው። የኔትወርክ ታወሩ ከሁለቱም ቤት ደጃፍ ይታያል። «ይነሳልን» ብለን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ማን ይፈርማል?

ባለ ባጃጅ፦ አንደኛ እኔ። ያ ነገር ከቆመ ወዲህ እንቅልፍም የለኝ።

ነርሷ፦ እንቅልፍህን የወሰደው ጫቱ እንዳይሆን። እኔ አልፈርምም። አንድ እፍኝ ሽንብራ ሰፌድ ላይ በትኑ። እኩል አይበተንም፤ አንዱ ጥግ ይጠራቀማል። ሁለቱ ልጆች አንድ ሰፈር መገኘታቸውም እንዲሁ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ አንድ በሽታ አይደለም። ልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት በተለይ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉትን ይይዛል። የሁለቱ ዓይነት አንድ ነው? ጠይቃችኋል?

የታቦሩ፦ አልጠየቅንም። ልጆቹ ግን ሽንብራ አይደሉም፣ እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወርና ከስልክ የሚወጣውን ጨረር «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ጋር መድቦታል።

ነርሷ፦ እዚያው ምድብ ውስጥ የእሬት ቅጠል ጭማቂም አለ። ማስረጃው ውስን ነው ማለት ነው። ያኔም ዋናው ጭንቀት ጆሮ ላይ የሚለጠፈው ስልክና የአንጎል ዕጢ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከኑክሌር ጣቢያ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ሉኪሚያ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የሚወጣው ጨረር ግን ይህን ለማምጣት እጅግ ትንሽ ነው። ኪንለን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ኑክሌር በሌለባት ግሌንሮተስ በምትባል አዲስ ከተማ በሽታው በዝቶ አገኘ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ሲቀላቀል የሚዛመት ኢንፌክሽን ይሆናል አለ። መላምት ነው። ግን ሐዋሳን እዩአት፤ ስንቱ ነው ከየወረዳው የጎረፈባት?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጀርመኖቹ ይህን ያወቁት እኮ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የታመመውን ልጅ ሁሉ ስለመዘገቡ ነው። እኛ ዘንድ የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባ እንኳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። «በትኩሳት ሞተ» ተብሎ የተቀበረ ልጅ የማን ቁጥር ውስጥ ይገባል?

እናት፦ ከሁለቱ እናቶች አንዷ እኔ ነኝ። ልጄን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ተመለሰ። ታይፎይድ ተባለ። ሌሊት «እግሬን» እያለ ሲያለቅስ፣ ሲሮጥ ውሎ ነው አልን። ፊቱ ገረጣ። ድዱ ሲደማ፣ ገላው ሲበልዝ ነው የደም ቆጠራ የታዘዘልን። ሦስት ወር ሙሉ! ታወሩ ቢነሳም ባይነሳም ግድ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ያ ሦስት ወር ነው።

ባለ ባጃጅ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ እቴ። ለሕክምና ስትወጪ ደውዪልኝ። ሒሳብ የለም።

ነርሷ፦ የካንሰር ሕመምተኛ ልጆች ሀብታም አገር ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። ብዙ ድሃ አገሮች ውስጥ ከ30 በመቶ በታች ናቸው። አንዱ ምክንያት ይኸው መዘግየት ነው።

የታቦሩ፦ እሺ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር እጨምራለሁ፤ የልጆች ካንሰር ምዝገባ እና ትኩሳት ለሚመላለስበት ልጅ ቶሎ የደም ቆጠራ። ታወሩን ግን አልሰርዝም።

ነርሷ፦ ታወሩ ካለበት አልፈርምም አልኩ እኮ።

ጡረተኛው መምህር፦ ሁለት ወረቀት አድርጉት እንግዲህ። እኔ የምዝገባው ላይ ነኝ።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ሁለቱም ላይ።