ክርክር፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ከክፍል ወጥተው ይማሩ?

መነሻ

በቅርቡ ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀረ። አንዱ ወገን «የትምህርት ጉዞ በየመንፈቀ ዓመቱ ግዴታ ይሁን» አለ። ሌላው «ልጆቹን ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ከክፍል አታውጡብን» አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉ።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር፣ ሐይቅ

እኔ ይውጡ ባይ ነኝ። ግን የትኛውን መውጣት ነው የምናወራው? የለመድነው ፈተና ካለቀ በኋላ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ከበሮ ይዞ ሩቅ ቦታ መሄድን ነው። የከፈለ ይሄዳል፤ ያልከፈለ ይቀራል። ይህ ሽርሽር ነው። ደስ ይላል፣ ክፋት የለውም፤ ትምህርት ግን አይደለም። እኔ የምለው ምዕራፉ ላይ ስንደርስ፣ በሳምንቱ መካከል፣ በእግር ወይም በአጭር መንገድ ደርሰን የምንመለስበትን ነው።

የውጫሌን ውል እንውሰድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17፣ ከዚያ ዐድዋ። ልጁ ሸምድዶ ይመልሳል። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ግን እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው! ልጁ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፏል። አገሩን የሚያክል ነገር እደጁ እንደተከናወነ ማንም አላሳየውም። ይህ ያንገበግበኛል።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ደሴ

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን አልስማማም። ልጄ በ2012 በኮሮና ምክንያት ቤት ዋለ። በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ፤ መቀመጫ እንኳ አልተረፈም። እንዲህ እየተንገዳገደ 8ኛ የደረሰ ልጅ ክፍተት አለበት። አንድ ገጽ አንብቦ ፍሬ ሐሳቡን መናገር ይቸግረዋል። እሱን ውጫሌ ብትወስዱት ምን ይጨምርለታል? ሒሳቡን ማን ያካክስለት?

መንገዱስ? ዛሬ ሰላም ነው ቢባል ነገ በምን እርግጠኛ ሆነን? ልጄን ጠዋት ሸኝቼ ማታ እስኪመለስ ነፍሴ ተንጠልጥላ ልትውል ነው። ይህን ፍርሃት ማንም አያቃልልብኝ።

የሳይንስ መምህርት፣ ደሴ

ወንድሜ፣ ስለ መንገዱ የተናገሩት ትክክል ነው። መምህሩም ቢሆኑ ይህን ቀለል አድርገው ማለፍ የለባቸውም። እኔ ግን አውቶቡስ አያስፈልገኝም።

ደሴ ያለችበት የተራራ ሰንሰለት ውሃ ይከፍላል። በምሥራቅ የሚወርደው ቦርከናን ይዞ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። በምዕራብ የሚወርደው በበሽሎ አድርጎ አባይን ይቀላቀላል፤ ሜዲትራኒያን ድረስ ይጓዛል። ልጆቹን ከፍ ያለ ቦታ አውጥቼ «ይህ ዝናብ የት ይሄዳል?» ስላቸው ዝም ይላሉ። መጽሐፉ ላይ ያለውን «ተፋሰስ» ግን በቃላቸው ያውቁታል። አየር ንብረትንም እንዲሁ። አንድ ቴርሞሜትር ይዘን እኩለ ቀን ላይ ግቢ ውስጥ እንለካለን፤ ኮምቦልቻ ያለች ባልደረባዬ በዚያው ሰዓት ከክፍሏ ጋር ትለካለች። በስልክ እንነጋገራለን። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ስንወጣ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ልጆቹ ልዩነቱን አስቀድመው ያሰላሉ፣ ከዚያ ከለካነው ጋር ያስተያያሉ። ያው የጠየቁት ሒሳብ ነው። ሲመለሱ አንድ ገጽ ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለው ያነብባሉ። ያየውን የሚጽፍ ልጅ ብዕሩ አይያዝበትም።

የተማሪ እናት፣ ኮምቦልቻ

ወላሂ እኔን የሚያመኝ ገንዘቡ ነው። ባለፈው ጉዞ ሲዘጋጅ ልጄ «መኪና ያጥወለውለኛል፣ አልሄድም» አለችኝ። ውሸቷን ነው። እንደሌለኝ አይታ ነው። በማግስቱ ጓደኞቿ ፎቶ ሲያሳዩዋት ዋሉ። ግዴታ ይሁን የምትሉ፣ ለማን ነው ግዴታው? ለኪሴ?

ሌላም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ የኛም መስጊዶች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ታዲያ ወንዶቹ ገብተው ሲያዩ ሴቶቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ሊጠብቁ ነው?

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር፣ ሐይቅ

እህቴ፣ ይህን ስላነሡ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ አቋም አንድ ነው፦ ሁሉም ልጅ የማይሄድበት ጉዞ ይሰረዝ። መዋጮ የሚጠይቅ ከሆነ እኔም ተቃዋሚ ነኝ። ገዳሙንም በተመለከተ እንዲሁ፤ ወንድና ሴት እኩል የማይማሩበት ቦታ ለክፍል ጉብኝት አይመረጥ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ስላቋቋሙት ትምህርት ማውራት እንችላለን። ሐይቁን ራሱን ማጥናትም ይቻላል፤ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ያለው አፈር ታጥቦ ከገባ፣ ማዳበሪያ ከፈሰሰ፣ የት ይሄዳል? ለ7ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወልድያ

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል ሙዚየም በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ለትምህርት ቤቶች ጉብኝቱ ነፃ ስለነበር አመልካቹ በዛ፤ በዕጣ ለዩ። ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ወደ 11000 የሚጠጉ ተማሪዎች አነጻጸሩ። የሄዱት ከሳምንታት በኋላም ያዩትን ያስታውሱ ነበር፤ አንድን ሥዕል አስተውለው በመተንተንም በለጡ። ለውጡ ይበልጥ የታየው በገጠርና በድሃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ ነው። እትዬ ያነሡት የገንዘብ ነገር ለዚህ ነው ከባድ የሚሆነው። ይበልጥ የሚጠቀመው ልጅ ነው የሚቀረው።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ደሴ

ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ግን ስለ ሥዕል ነው። የሒሳብ ውጤት ጨመረ አላላችሁም። የመምህርቷ ቴርሞሜትር ግን ገብቶኛል፤ በዚያ አልከራከርም። አውቶቡስ ካልተባለ፣ ከከተማ ካልተወጣ፣ እኔም ፊርማዬን እሰጣለሁ። ይስማ ንጉሥን ግን አሁን አልቀበልም። ለሐይቅ ልጆች ቅርብ ይሆናል፤ ለኔ ልጅ ሩቅ ነው።

የተማሪ እናት፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ በዚህ አንድ ነን። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ 60 ልጅ በአንድ መምህር ተራራ ይወጣል? ማን ይጠብቃቸዋል?

የሳይንስ መምህርት፣ ደሴ

አይወጣም፣ እትዬ። ለዚህ ነው ወላጅ የምፈልገው። ክፍሉን ለሁለት እከፍላለሁ፤ ግማሹ ሲወጣ ግማሹ ከሌላ መምህር ጋር ይማራል። ከያንዳንዱ ቡድን ጋር ሁለት ወላጅ ይምጣ። ጊዜውም ጥቅምት ይሁን፤ ዝናቡ ያባራል፣ ፈተናውም ገና ነው። እርስዎ መምጣት ከቻሉ ለኮምቦልቻዋ ባልደረባዬ እነግራታለሁ።