በካርቶን የቀሩ የጦማር ገጾች፦ ጠርዛቸውን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

የማርቆሱ አታሚ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከ2002 እስከ 2009 ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ቤት ነበረኝ፤ ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ቢሆንም፣ በእኔ ጊዜ እንኳ አንድ ገጽ እስኪከፈት የሚቆጠረው ደቂቃ ደንበኛውን ያማርረው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ «አትመህ አቆየኝ» ብለውኝ ይሄዳሉ፤ ማታ ወረቀቱን ወስደው ቤታቸው ያነባሉ።

አብዝቼ ያተምኩት ጥቂት ጦማርያን በጋራ ይጽፉበት የነበረውን የዞን ዘጠኝን ጦማር (ብሎግ) ነው። ግንቦት 2004 ከተጀመረ አንሥቶ ለአንድ የታሪክ መምህር ሳትም ለራሴም አንድ ቅጂ አስቀር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጦማሩ ከአገር ውስጥ እንዳይከፈት ታገደ፤ በፕሮክሲ፣ ማለትም የታገደን ገጽ በሌላ አድራሻ በኩል በሚያመጣ አገልግሎት፣ እየዞርኩ ማውጣቱን ቀጠልኩ። ሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር መታሰራቸውን የሰማሁ ዕለት ግን ቅጂዎቹን በካርቶን አድርጌ እህቴ ቤት፣ ከጤፍ ጎተራው ኋላ ሸሸግሁ። ካርቶኑን ተሸክሜ ስሄድ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ወረቀት ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰዎቹ የታሰሩትም በጽሑፍ ነበር።

ነሐሴ 2015 ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ካርቶኑ ትዝ አለኝና አወጣሁት። 200 ገጽ ያህል ነው። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል፤ የታችኛውን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል። በግርጌው ላይ የድረ ገጹ አድራሻና ቀን በጥቃቅን ፊደል ታትሟል፤ አንዳንዱ ላይ ያለው አድራሻ እንዲያውም የጦማሩ ሳይሆን የፕሮክሲው ነው። ጠርዙን በመቁረጫ አስተካክዬ እንደ መጽሐፍ ላስጠርዘው አስቤያለሁ። ያበላሸው ይሆን? ልጆቼ እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው የምጨነቀው።

መዝገብ ቤት (ባሕር ዳር)፦

ጋሼ፣ እባክዎ መቁረጫውን ያስቀምጡት! ከሁሉም የሚበልጠው ያ ግርጌ ነው። ወረቀቱ ከየትኛው ድረ ገጽ፣ በየትኛው ቀን እንደታተመ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው። የፕሮክሲው አድራሻ ያለባቸውን ደግሞ ለብቻ ይለዩዋቸው፤ ጦማሩ ታግዶ እንደነበረ ያሳያሉ። የታገዱ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ የተባለው ሰኔ 2010 ላይ ነው፤ እርስዎ ያተሙት በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው።

ሽቦውን በጣት አይጎትቱት፤ እግሮቹን ከኋላ በስስ ቢላዋ ቀና አድርገው ከፊት ያውጡት። ፕላስቲክ ውስጥም አይክተቱት፤ የማተሚያው ቀለም ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ይላቀቃል። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በመስኮት ብርሃን ፎቶ ያንሡ። የጦማሩ አድራሻ ያለባቸውን ዌይባክ ማሽን ላይ ይፈልጓቸው፤ ከፈረንጆቹ 1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን እየቀዳ የሚያስቀምጥ የአሜሪካ ቤተ መዛግብት ነው። እዚያ የሌለ ገጽ ከተገኘ የእርስዎ ቅጂ ብቸኛው ሊሆን ይችላል።

የዲማው ልጅ፦

አባቴ ዳዊታቸውን በማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር፤ አንድም ቀን መሬት ላይ ሲያኖሩት አላየሁም። የእኛ ክረምት ከወለል እርጥበት ይስባል፣ አይጥም የሚመጣው በወለል ነው። ካርቶኑን ይጣሉት፤ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ገዝተው ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

ግን ለምን «ዘጠኝ» ተባሉ? ሁልጊዜ መጠየቅ እፈልግ ነበር።

ሕግ ተማሪዋ፦

ቃሊቲ እስር ቤት በስምንት ዞን የተከፈለ ነበር። ጦማርያኑ እስረኛ ጋዜጠኞችን ሊጠይቁ ሲሄዱ የሰሙት አባባል ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለው፣ ሁላችንም የምንኖርበት ነው። መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር።

የተከሰሱት በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ 958/2008 ገና አልወጣም ነበር። እስካሁን የሚቆረቁረኝ፣ ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከሰላዮች የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ መግባቱ ነው። በር መቆለፍ ወንጀል ሲሆን አስቡት! ሐምሌ 2007 አምስቱ ተለቀቁ፤ የቀሩትም ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ያ ሁሉ ወር ግን እስር ቤት አልፏል።

ጋሼ፣ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ከማውጣትዎ በፊት ጸሐፊዎቹን ያስፈቅዱ። ጽሑፉ የእነሱ ነው።

የማርቆሱ አታሚ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። መቁረጫውን መልሻለሁ፤ ሣጥኑንም ቅዳሜ ገበያ እገዛለሁ። ሳላስፈቅድ አንድም ገጽ አላወጣም።

ዛሬ 14 ገጽ ፎቶ አነሣሁ። አንዱን ስገለብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ የመምህሩ ስምና «ቀሪ 3 ብር» የሚል የእኔ ጽሕፈት አገኘሁ። ዕዳውን ከፍሎኝ ይሁን አይሁን አላስታውስም፤ ስሙን ግን በቁራጭ ወረቀት ሸፍኜ ነው ያነሣሁት።