«ዱክ» ሁሉ መስፍን ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ «የሽሌስቪግ-ሆልስታይን-ዞንደርቡርግ-ቤክ ዱክ» የሚል የአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ ገጠመኝ። የስሙ ርዝመት ሲታይ ሰፊ አገር የሚገዛ ይመስላል። ጀርመኖቹ ግን እነዚህን ሰዎች «አብጌታይልተ ሄረን» ነው የሚሏቸው። በአማርኛ መስፍን ብንላቸው ያስኬዳል?

መልስ፦ እኔ አልልም። በእኛ ጆሮ መስፍን ማለት የሚገዛ ነው። ዘመነ መሳፍንት ስንል እኮ ማን ማንን ይገዛ እንደነበር እናውቃለን። እነዚህኞቹ ማዕረጉ አላቸው፣ አገሩ ግን የላቸውም።

በ1564 እ.ኤ.አ. የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በዴንማርክና በጀርመን መሐል ባሉት በሽሌስቪግና በሆልስታይን ግዛቶች ከነበረው ድርሻ ሲሶውን ለታናሽ ወንድሙ ለሃንስ ሰጠ። የአገሩ ባላባቶች ጉባኤ ግን አሻፈረኝ አለ። ንጉሡ አለ፣ የጎቶርፉ ዱክ አለ፣ የሐደርስሌቡ አለ፣ አሁን ደግሞ ለአራተኛ ጌታ ቃለ መሐላ ሊገቡ ነው? አልገቡም። ስለዚህ ሃንስ መሬቱን ያዘ፣ ከገበሬው ግብር በላ፣ የአንድ ገዳም ጡብ አስፈርሶ ግሉክስቡርግ የተባለውን ግንብ ውኃ መሐል አሠራ፤ በአገር ጉዳይ ግን እንደ ገዢ ቃል አልነበረውም። በ1622 ሲሞት 23 ልጆች ወልዶ ነበር (አዎ፣ 23)፤ መሬቱን አምስት ወንዶች ተካፈሉት። የልጅ ልጆቹም እንደገና ቆራረሱት። የዞንደርቡርጉ ቅርንጫፍ በዕዳ ተዘፍቆ በ1667 ርስቱን ንጉሡ ወሰደበት። አንተ የጠየቅከው «ቤክ» ደግሞ እዚያ አካባቢ እንኳ አይደለም፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሩቅ ምዕራብ ጀርመን፣ ዌስትፋሊያ ውስጥ የገዛው ርስት ስም ነው። የቤክ ዱኮች ለፕራሻና ለሩሲያ ጦር መኮንን ሆነው ሲያገለግሉ ኖሩ።

«አብጌታይልተ ሄረን» የሚለውን ቃል ትርጉም ካልክማ «ድርሻቸውን ይዘው የወጡ ጌቶች» ነው።

ሌላ መልስ፦ «ርስተ ጉልተኛ» ለምን አይሆንም? ግብሩን ይበላል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ በላዩ ግን ንጉሥ አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ይገጥማል?

መልስ፦ ለሃንስ ለራሱ ይገጥማል፣ ተቀብያለሁ። ለቤኮቹ ግን አይሆንም፤ እነሱ ከዴንማርክ ንጉሥ የተሰጣቸው ጉልት የላቸውም። ማዕረጉ ለወንድ ልጆች ሁሉ በደም ስለሚተላለፍ ብቻ ነው ዱክ የተባሉት። ለእነሱ «ዱክ» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ «የኤድንብራ መስፍን» የምንለውስ? የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባል ፊሊፕ ኤድንብራን መቼ ገዛ?

መልስ፦ ያዝከኝ ማለት ነው 😀 እሱ ግን በልማድ የጸና ስለሆነ አይነካም፣ «መስፍነ ሐረር» ልዑል መኮንንንም እንደዚያው እንላለን። ደግሞ ፊሊፕ በአባቱ በኩል የእነዚሁ የቤኮች ዘር ነው። በ1825 ንጉሡ ባዶ የቀረውን የግሉክስቡርግ ስምና ግንብ ለአንድ የቤክ ዱክ ሰጠው፤ የዚያ ሰው ልጅ በ1863 ዘጠነኛ ክርስቲያን ተብሎ የዴንማርክ ንጉሥ ሆነ። የልጁ ልጅ ደግሞ በ1905 የኖርዌይን ዙፋን ያዘ።