አንድ ቤዝ ጊታር ለመዝሙርም ለሠርግም፦ የትኛውን ክር ልግጠም?

ባለ አራት ክር (ጅማ) ጠየቀ፦

ቤዝ ጊታር ለምትጫወቱ ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ጅማ ነው። እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራንን አጅባለሁ፤ በሠርግ ወራት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ባንድ ጋር እሠራለሁ። ያለኝ ጊታር አንድ ብቻ ስለሆነ ለሁለቱም ሥራ የሚያገለግለኝ እሱው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከሌላ ተጫዋች እጅ ስገዛው ክሮቹ ተገጥመውበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀይሬያቸው አላውቅም። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ወዳጄ አዲስ ክር ይዞልኝ መጣና አሮጌዎቹን ሳወልቃቸው ጣቴ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ዝጎ አገኘሁት።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሶቹ ኒኬል የተለበጠ ድቡልቡል የብረት ሽቦ የተጠመጠመባቸው፣ ራውንድ ዋውንድ የሚባሉ ሲሆኑ ውፍረታቸው በሺኛ ኢንች ሲለካ ከ45 እስከ 105 ነው። ድምፃቸው ቆርቆሮ የሚመታ እስኪመስለኝ ድረስ ሾለብኝ። በዝግታ በሚዘመሩ መዝሙሮች ላይ እጄን ከፍሬት ወደ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ከአንዱ ወደ ሌላው) ሳንሸራትት ደግሞ ጭረቱ በድምፅ ማጉያው ስለሚሰማ፣ የመዘምራኑ መሪ «ይህ ሲጥ ሲጥ የሚለው ምንድን ነው?» ብሎ ልምምዱን እስከ ማስቆም ደርሷል። ሠርግ ላይ ግን ጭፈራው ሲደምቅ ያው ሹል ድምፅ ከኪቦርዱና ከከበሮው መካከል ተለይቶ ስለሚወጣ አልጠላሁትም።

ብዙዎች ጠፍጣፋ ብረት የተጠመጠመበትን ፍላት ዋውንድ እንድገጥም ይመክሩኛል። ዋጋው ከተራው ክር በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ገዝቼ ሳልወደው ብቀር ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። ለሁለቱ ሥራ የሚስማማ አንድ ክር አለ ወይስ አንዱን መሥዋዕት ማድረግ የግድ ነው? የከተማችን እርጥበትስ በምርጫው ላይ ለውጥ ያመጣል?

የታችኛው ድምፅ መለሰ፦

በመጀመሪያ፣ አራት ዓመት አገልግሎ የሞተን ክር ከአንድ ወር ክር ጋር ማወዳደር ፍርድዎን እንዳያዛባው እሰጋለሁ። ጆሮዎ የለመደው ላብና ቆሻሻ በጥምጥሙ መካከል ገብቶ ያፈነውን ድምፅ ነው። ማንኛውም ራውንድ ዋውንድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ እየረገበ ሄዶ ለብዙዎቻችን የሚጥመን ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ስለ ልዩነቱ የማውቀውን ላስረዳ። የቤዝ ክር ሁሉ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ አለው፤ በዚያ ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የላይኛው ጥምጥም ድቡልቡል ሽቦ ከሆነ ገጹ ይሻክራል፣ ቀጭኖቹ ድምፆች ጎልተው ይወጣሉ፣ ጣትም ሲንሸራተትበት ይጮኻል። እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ብረት ከሆነ ግን ገጹ ይለሰልሳል፣ ጭረቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ድምፁም ወፍሮና አጥሮ ይመጣል። በሁለቱ መካከል፣ ድቡልቡል ሽቦ ከተጠመጠመ በኋላ ገጹ የሚሞረድ ዓይነት አለ። በጥቁር ናይለን የተሸፈነም አለ፤ መሃሉ ብረት ስለሆነ የክሩን ንዝረት በማግኔት በሚይዘው ፒካፕ ያለ ችግር ይሠራል። ለአኩስቲክ ቤዝ የተዘጋጀውን የነሐስ ክር ግን እንዳይገዙ፤ ነሐሱን ማግኔቱ ስለማያውቀው ድምፁ ይደክማል።

የእኔ አስተያየት ግን ከመካሪዎችዎ ይለያል። ክሩ ያላወጣውን ሹል ድምፅ አምፕሊፋየር ሊፈጥረው አይችልም፤ ክሩ ያወጣውን ግን በጊታሩ የቶን ቁልፍ መቀነስ ይቻላል። አንድ ጊታር ብቻ ያለው ሰው ራውንድ ዋውንድ ይዞ ለመዝሙር ቁልፉን ቢዘጋ ይሻለዋል እላለሁ። እርጥበቱን በተመለከተ፣ ኒኬል የተለበጠው ጥምጥም ልባሱ ሲበላ ከሥሩ ያለው ተራ ብረት ይዝጋል። ስቴንለስ ስቲል ዝገትን የበለጠ ይቋቋማል፤ ሆኖም ከኒኬሉ ይበልጥ የሚጮኽና ፍሬቱንም ቶሎ የሚበላ ስለሆነ ለእርስዎ አልመርጠውም።

የሆቴል ባንድ ጡረተኛ መለሰ፦

ወንድሜ፣ ከላይ የተሰጠህ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። የቶን ቁልፍ ሹሉን ይቀንሳል እንጂ የድምፁን ርዝመት አይቀንስም። መዝሙር ላይ የሚያስፈልግህ ደግሞ ተመትቶ ወዲያው የሚሰበሰብ፣ ለዘማሪው ቦታ የሚለቅ ቤዝ ነው። በእኔ ጊዜ የነበሩት የአገራችን ባንዶች ቤዝ፣ አንዱን አጭር ሐረግ ደጋግሞ ሲመላለስበት፣ ከእግር በታች እንዳለ መሬት ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነውና፣ የእሱን ሙዚቃ ከፍተህ ቤዙን ብቻ ለይተህ አድምጠው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል።

ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ከ52 እስከ 110 የሆነ የላ ቤላ ፍላት ዋውንድ ነበር የሚጠቀመው። በጣም ወፍራም ነው፤ ክሩንም ካልተበጠሰበት በቀር አይቀይርም ነበር። ራውንድ ዋውንድ በሮክ ተጫዋቾች ዘንድ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1966 በኋላ፣ ሮቶሳውንድ የተባለው የክር ፋብሪካ ከዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ እንደ ፒያኖ የሚጮኽ ክር ከሠራ ወዲህ ነው። ይህን የምነግርህ ታሪክ ለመቁጠር ሳይሆን፣ ሁለቱ ክሮች ለሁለት የተለያየ ፍላጎት የተወደዱ መሆናቸውን እንድታስተውል ነው።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጠህ ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ሸጉጥ፤ ቀኝ እጅህን ደግሞ ከብሪጁ አርቀህ ወደ አንገቱ አቅርበህ ምታ። ሲጥ ሲጥ ለሚለው መድኃኒቱ በከፊል በግራ እጅህ ነው፤ ቦታ ስትቀይር ጣትህን ከክሩ ላይ ጥቂት አንሳ እንጂ አትጎትት። እኛ ክር በማይገኝበት ዘመን ሲሞትብን በድስት ቀቅለን፣ አድርቀን መልሰን እንገጥም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ነፍስ ይዘራል።

ባለ አራት ክር (ጅማ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስፖንጁን ትናንት በልምምድ ላይ ሞከርኩት። ለዝግታ መዝሙር ያልጠበቅሁትን ያህል ተስማማኝ፤ መሪያችንም «ምን ቀየርክ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጭረቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የክሩ ሻካራነትም ለረጅም ሰዓት ስጫወት ጣቴን ያቃጥለኛል፤ ይህንን ደግሞ ቁልፍም ስፖንጅም የሚያስተካክለው አይመስለኝም። ስለዚህ ልቤ ወደ ፍላት ዋውንድ እያዘነበለ ነው። ውፍረቱን እንዴት ልምረጥ? የጄመርሰንን ብገጥም ጊታሩ ይችለዋል?

ጊታር ጠጋኙ መለሰ፦

የጄመርሰንን አይግጠሙ። በአንድ ዓይነት ርዝመትና በአንድ ዓይነት ቅኝት ላይ፣ ክሩ በከበደ መጠን ወደ ቅኝቱ ለመድረስ የሚፈልገው ውጥረት ይጨምራል፤ ያም ውጥረት በሙሉ የሚያርፈው በጊታሩ አንገት ላይ ነው። ፍላት ዋውንድ ደግሞ ቁጥሩ እኩል ሆኖ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከራውንድ ዋውንድ ይልቅ ይወጠራል። አሁን 105 ከያዙ፣ ከ45 እስከ 100 የሆነው ክሮምስ የተባለው የዳዳሪዮ ፍላት ዋውንድ ለአንገቱም ለጣትዎም የቀረበ ይሆናል። ለስላሳና ለዘብ ያለ ክር የሚወድ ሰው ቶማስቲክ ኢንፌልድ የተባለውን ይመርጣል፤ ነገር ግን ዋጋው ይከብዳል፣ ጠንክሮ የሚመታ እጅም አይመቸውም።

ከማዘዝዎ በፊት የክሩን ርዝመት ያረጋግጡ። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ካረፉበት ቦርቦር እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ድረስ ይለኩ። 43 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ የተለመደው የ34 ኢንች ጊታር ነው፤ 38 ከሆነ ግን አጭሩ የ30 ኢንች ስለሆነ ለእሱ የተዘጋጀ ክር ያስፈልገዋል።

ሲገጥሙት ክሩን ቀድመው አይቁረጡት። በመቃኛ ቁልፉ ላይ ልክ በ90 ዲግሪ አጥፈው ከዚያ በኋላ ትርፉን ይቁረጡ፤ ሳይታጠፍ የተቆረጠ ፍላት ዋውንድ ጥምጥሙ ሊላቀቅና ገና ከመጀመሪያው ቀን ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት ደግሞ ለእሑድ እየገጠሙ ለቅዳሜ ለማውለቅ አስበው ከሆነ ይተዉት።

አሁን ወደ እርጥበቱ። በጅማ ቡና ያሰጣ ሰው የዚህን አገር አየር ያውቀዋል፤ እንጨትም እንደ ቡናው ውሃ ይጠጣል፣ ይተፋልም። ክረምት ሲገባና በጋ ሲመጣ አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ፣ «ክሩ ተበላሸ» ተብሎ ወደ እኔ የሚመጣው ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ክሩ ሳይሆን የአንገቱ ቅስት ነው። አዲሱን ክር ገጥመው በትክክል ከቃኙት በኋላ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ አንድ ቪዚት ካርድ በልኩ ቢያልፍ በቂ ነው። ከዚያ ከሰፋ ትረስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን ቅስቱን የሚያስተካክል የብረት ዘንግ) በሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፣ ጥቂት ሰዓት ቆይተው እንደገና ይለኩ። በመጨረሻ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው የሚመቱት ድምፅና እዚያው ቦታ ክሩን ነካ አድርገው ብቻ የሚያወጡት ድምፅ አንድ መሆኑን በመቃኛ ያረጋግጡ፤ ተጭነው የመቱት ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ ወደ ኋላ ይሳቡት።

ስለ መቀቀሉ ከጋሼ ጋር ልከራከር ይፈቀድልኝ። ለራውንድ ዋውንድ የችግር ጊዜ መላ ነው፤ ፍላት ዋውንድ ግን ውሃው በጠፍጣፋው ጥምጥም ሥር ገብቶ ስለሚቀር ከውስጥ ያዝገዋል።

የሆቴል ባንድ ጡረተኛ፦

ፍላት ዋውንድማ ማን ይቀቅለዋል፤ እሱ ሲያረጅ ነው የሚጥመው። የቀረውን ሁሉ እቀበላለሁ።

ባለ አራት ክር (ጅማ)፦

ለካሁት፤ 43 ሴንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ሆነ። የጥር ሠርግ እስኪያልፍ ድረስ በያዝኩት ክርና በስፖንጁ እቆያለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሠርጉ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ከ45 እስከ 100 የሆነውን ፍላት ዋውንድ እገጥማለሁ፤ እስከ ፋሲካም ድረስ ሳልነካው አቆየዋለሁ። የሚያዝያ ሠርግ ላይ ድምፁ ከከበሮው ሥር ከጠፋብኝ መጥቼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቪዚት ካርዱን አሁን ባለው ክር ላይ ሞክሬው ሁለት ካርድ ተደራርቦ አለፈ፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ሩብ ዙር አጠብቃለሁ።