ክርክር፦ ገሃነም ለምን ተፈጠረ? ልጆችን በእሳት ማስፈራራትስ ተገቢ ነው?

የሆጤ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ የማነሳው ከበድ ያለ ነገር ነው። ግን ደሴና ኮምቦልቻ ለምንኖር ሰዎች የጓዳችን ጉዳይ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ሰሞኑን ሌሊት እየባነነች አስቸገረችኝ። ብጠይቃት የሰፈር ልጆች “አክስትሽ ሙስሊም ስለሆነች እሳት ትገባለች” ብለዋት ኖሯል። አክስቷ እኮ ያሳደገቻት ናት። ለእህቴ ስነግራት ደግሞ የሷም ልጅ ስለ እኛ ያንኑ ሰምቶ መምጣቱን አጫወተችኝ። እኛ ቤት ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። በረመዳን አብረን እናፈጥራለን፣ በፋሲካ አብረን እንፈስካለን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ገሃነም በየሃይማኖቱ ለምን ዓላማ አለ ይባላል? ሕፃናትን በእሱ ማስፈራራትስ ተገቢ ነው? የኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር። ገሃነም ለሚሰማው ሰው ለራሱ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው። ጎረቤት ላይ መፍረጃ አይደለም። ያልተስማማ ይከራከረኝ።

የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ያረጋጋልዎ። በእኛ ትምህርት በመጀመሪያ ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። ሲኦል የኃጥአን ነፍስ እስከ ፍርድ ቀን የምትቆይበት ነው። ገሃነመ እሳት ግን ከትንሣኤ ሙታን በኋላ የሚመጣ ነው። ጌታ ወደ ሲኦል ወርዶ ከአዳም ጀምሮ ለ5500 ዘመን የተጋዙትን ነፍሳት አውጥቷል። ዛሬም ለሞተ ሰው ፍትሐት የምናስፈታው፣ በ40ኛው ቀን ተዝካር የምናወጣው ምሕረት ስለሚለመንለት ነው።

ዓላማውን ከጠየቁኝ፣ ማቴዎስ 25 ላይ እሳቱ “ለሰይጣንና ለመላእክቱ” የተዘጋጀ ነው ይላል። ለሰው ተዘጋጀ አላለም። ሰው የሚገባበት በገዛ ምርጫው ነው። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ቅጣቱ የዘላለም እንደሆነ ተጽፏል። ልጅ ፈራ ተብሎ ይሄ ሊሸፋፈን አይገባም።

የሸዋ በር ደረሳ፦
ወአለይኩም ሰላም። እናቴ፣ አብሽሩ። በእኛ ዘንድ ጀሀነም ፍትሕ ነው። ዱንያ ላይ ደሃ በድሎ፣ የየቲም (የወላጅ አልባ ልጅ) ገንዘብ በልቶ ሳይጠየቅ የሞተ ስንት አለ? እሱ ካልተጠየቀ የተበዳዩ እንባ የት ይገባል? ስለዚህ እሳቱ ባይኖር ኖሮ የሚጎዳው ተበዳዩ ነበር።

ግን ሁሉም የገባ እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በሚባሉት ሁለቱ የሐዲስ መጻሕፍት በተዘገበ ሐዲስ፣ በልቡ የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል ኢማን (እምነት) ያለው ሰው ከእሳት ይወጣል ተብሏል። ለኃጢአተኛ ሙእሚን (አማኝ) ጀሀነም ማጥሪያ ነው። ለካደ ሰው ዘላለማዊ ነው የሚለው የብዙኃኑ ዑለማ አቋም ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
እኔ የማየው ሌላ ነው። ገሃነም የጠቀመው ለገዢ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቦሩ ሜዳ እዚሁ አጠገባችን ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሸኽ ጦልሃ ያሉት እምቢ ብለው ተዋጉ። ነፍስህን ከእሳት ላድንህ የሚል ሰው ጦር ከያዘ፣ እሳቱን እዚሁ ነው የሚያነደው።

የኮምቦልቻ መምህር፦
ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ያ ዘመን ወሎ ላይ የተወው ቁስል ቀላል አይደለም። ግን ምክንያቱን እናስተካክል። ቦሩ ሜዳ ላይ ዋናው ነገር አንድ መንግሥት አንድ ሃይማኖት ይኑረው የሚል ፖለቲካ ነበር። መጀመሪያ የተመከረውም በኦርቶዶክሶች መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በነበረው ክርክር ላይ ነው። የገሃነም ትምህርት ባይኖር ኖሮ አይሆንም ነበር ማለት አይቻልም።

ደግሞ ከሞት በኋላ ስለሚመጣ ፍርድ ያስተማሩት ገዢዎች ብቻ አይደሉም። ብዙ ሕዝብ በየራሱ መንገድ ደርሶበታል። ጥንታዊ ግብፆች የሟች ልብ በሚዛን ይመዘናል፣ ከብዶ ከተገኘ አውሬ ይውጠዋል ብለው ያምኑ ነበር። የፋርስ ዞራስተራውያን ገሃነም አላቸው፤ ነገር ግን በዘመን ፍጻሜ ዓለም በቀለጠ ብረት ተጣርቶ ክፋት ይጠፋል ይላሉ። ቡድሂስቶችና ሂንዱዎች የሚያስፈሩ ብዙ ሲኦሎች አሏቸው። ዘመኑ እጅግ ይርዘም እንጂ ያልቃል፤ ሰው ዕዳውን ከፍሎ እንደገና ይወለዳል። በምሥራቅ እስያ ቡድሂስቶች ዘንድ ክሺቲጋርባ የሚባል ቅዱስ አለ። ሲኦሎች ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ቡድሃ አልሆንም ብሎ ተስሏል ይባላል።

አይሁድ ዘንድ ደግሞ ሚሽና በሚባለው የጥንት የሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ የኃጥአን ቅጣት በገሂኖም 12 ወር ነው የሚል አለ። ልጅ ለሞተ አባቱ ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት 11 ወር ብቻ የሚያደርሰው ለዚህ ነው። 12 ከሞላ አባቱን ከክፉዎች ቆጠረው እንዳይባል። እኔ ይሄን ሳነብ ልቤ ይነካል። ለሞተ ሰው እንኳን ክብሩ ይጠበቅለታል።

ወንጌላዊ ከአራዳ፦
መምህር፣ ያ ሁሉ የሰው ሐሳብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። ካቶሊኮች በሊዮን በ1274፣ በፍሎረንስ በ1439 ጉባኤ ያጸኑት የመንጽሔ (ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ቦታ) ትምህርት እኛ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ከሞት በኋላ ተዝካርም ሰደቃም ነፍስ አያወጣም። የገሃነም ዓላማ ሰው አዳኝ እንደሚያስፈልገው እንዲያውቅ ነው። ራሱ ኢየሱስ ስለ ገሃነም ብዙ ተናግሯል። በዘመኑ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩትን፣ ከኢየሩሳሌም ውጭ ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ሸለቆ ነበር ምሳሌ ያደረገው። የሚወድ ሰው ያስጠነቅቃል። ቤት ሲቃጠል አይቶ ዝም የሚል ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው?

የኮምቦልቻ መምህር፦
የቆሻሻው ነገር በየስብከቱ ይነገራል። ግን የጥንት ማስረጃ አልተገኘለትም። ነገሩ መጀመሪያ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1200 አካባቢ በኖረ ዳዊት ኪምሒ የሚባል የአይሁድ መምህር ጽሑፍ ላይ ነው። ገሃነም የሚለው ስም የመጣበት ሸለቆ የሄኖም ልጅ ሸለቆ ነው። የተረገመበት ምክንያት ኤርምያስ 7፥31 ላይ አለ። ሰዎች ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጥሉበት ስለነበር ነው። እግዚአብሔርም “ያላዘዝሁትን፣ በልቤም ያላሰብሁትን” ይላል።

የሆጤ እናት፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲህ ልብ በሉት። ያ ቦታ የተረገመው በልጆች ላይ እሳት ስለተነሳ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ስም ልጅ እናስባንናለን።

ወንጌላዊ፣ ያነሳኸው የሚቃጠል ቤት ልክ ነው። ግን የሚያስጠነቅቅ ሰው በሩን አንኳኩቶ ባለቤቱን ነው የሚያናግረው። ለባለቤቱ ሳይነግር ለሕፃን ልጁ “አክስትሽ ተቃጠለች” አይልም። የልጄን አክስት ማንም አላናገራትም።

የሸዋ በር ደረሳ፦
እናቴ ስለ ሕፃናት ላነሱት ከእኛ በኩል መልሱ ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዕሩ ከሦስት ሰዎች ተነስቷል ብለዋል። ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪጎለምስ፣ አእምሮውን ካጣ እስኪመለስለት። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ መልአክ ኃጢአት የማይጽፍ ከሆነ፣ እኛ በጀሀነም የምናስጨንቃት በየትኛው ሥልጣን ነው? ሰላት በሰባት ዓመቷ ትማር፣ እሺ። ፍርሃት ግን ሌላ ነው።

ሌላው፣ ቁርኣን 74ኛው ሱራ ላይ የእሳት ሰዎች “ሰቀር (ጀሀነም) ምን አስገባችሁ?” ተብለው ሲጠየቁ፣ ከሰጋጆች አልነበርንም፣ ሚስኪንንም አናበላም ነበር ይላሉ። ስለ ራሳቸው ነው የሚናገሩት። ጎረቤቴ እንዲህ ነበር የሚል የለም።

የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ያልከው ማቴዎስ 25ን ነው ያስታወሰኝ። እዚያም በግራ የቆሙት የሚጠየቁት “ተርቤ አላበላችሁኝም፣ ተጠምቼ አላጠጣችሁኝም” ተብለው ነው። የሃይማኖት ጉዳይ ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። እምነት መሠረት ነው። ግን ዳኛው ያነሳው ጥያቄ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተአምረ ማርያም ላይ ያለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። 78 ሰው የበላ ነው። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለአንድ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛን ሲቀመጥ ያ ጥርኝ ውሃ 78ቱን ነፍስ መዘነ። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ልጅ ሆኜ ስሰማው አለቅስ ነበር። ሲኦልን የፈራሁት ያኔ አይደለም። ምሕረትን ነው የወደድኩት።

የሸዋ በር ደረሳ፦
ሱብሃነላህ! እኛ ጋም ውሃ ነው። አንዲት ሴተኛ አዳሪ በውሃ ጥም ምላሱን ያወጣ ውሻ አየች። ጫማዋን አውልቃ ከጉድጓድ ቀድታ አጠጣችው። አላህ ለዚያ ማራት። ቡኻሪ ላይ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ድመት አስራ፣ ሳታበላ ሳታጠጣ የገደለች ሴት እሳት ገባች ተብሏል።

ደግሞ 7ኛው ሱራ ላይ የእሳት ሰዎች የጀነት ሰዎችን ሲለምኑ መጀመሪያ የሚሉት “ከውሃ አፍስሱልን” ነው።

የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ፦
ሉቃስ 16! ባለጸጋው ነዌ አልዓዛር የጣቱን ጫፍ በውሃ ነክሮ ምላሴን ያብርድልኝ ይላል። በሕይወት ሳለ ደጁ ላይ ወድቆ ያላየውን ሰው።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን የተናገራችሁት የሁለታችሁንም መጽሐፍ ከልብ ያነበበ ሰው ነገር ነው። እኔ በፋብሪካ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ጋር አንድ ፈረቃ ገብቻለሁ። በድሮ ጊዜ ለቅሶ ቤት ስንሄድ የክርስቲያኑ ቤት ለሙስሊም እንግዳ በግ ለብቻ ያሳርዳል፣ በሙስሊም እጅ። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንደዚያው። ይሄን ያደረጉት ሰዎች ገሃነምን የማያምኑ አልነበሩም። ከእናንተ ይልቅ አጥብቀው ያምናሉ። የሚፈሩት ግን የራሳቸውን ነበር። “አላህ ይማረኝ፣ እግዜር ይማረኝ” ነበር ቃላቸው። “እገሌ ይቃጠላል” ሲሉ አልሰማሁም።

ወንጌላዊ ከአራዳ፦
አባቴ፣ አከብርዎታለሁ። ግን መፈቃቀር አንድ ነገር፣ እውነት ሌላ ነገር ነው። አብረን በላን ማለት አብረን እንድናለን ማለት አይደለም። እናትየዋም የነገሩኝን ተቀብያለሁ፤ ሕፃን ማስፈራራት ልክ አይደለም። ለአዋቂ ግን ዝም አልልም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
አትበል ያለህ የለም። ግን ዘላለም ሙሉ ማቃጠል ለ70 ዓመት ኃጢአት እንዴት ፍትሕ ይሆናል? ደረሳው ፍትሕ ነው ብሏል። ይሄን ይመልስልኝ።

የሸዋ በር ደረሳ፦
የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የእኛም ዑለማ ተከራክረውበታል። 11ኛው ሱራ ላይ “ጌታህ የሻው ሲቀር” የሚል አለ። 78ኛው ላይ ደግሞ “አሕቃብ”፣ ማለትም ረጅም ዘመናት የሚል። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም ከዚህ ተነስተው እሳቱ ሊያበቃ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አይተውታል። ተቂዩዲን አስሱብኪ ደግሞ መጽሐፍ ጽፈው ተቃውመዋል። እኔ የብዙኃኑን እይዛለሁ፤ ክህደት የዓመት ብዛት አይደለም፣ የልብ አቋም ነው። ግን ጥያቄውን ያነሳ ሰው ካደ አልልም።

የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ፦
እኛ ጋም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን አባት፣ እሳቱ በመጨረሻ ሁሉን ያነጻል የሚል ተስፋ ጽፏል። የሶርያው መነኩሴ ማር ይስሐቅ ደግሞ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል። የበደሉትን ፍቅር ማወቃቸው ነው የሚያቃጥላቸው። ይሄኛው ዘላለማዊነቱን ሳልተው ዓላማውን አስረድቶኛል። እግዚአብሔር በጥላቻ አይቀጣም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ዘላለማዊ ነው፤ ከዚያ አልወጣም።

የሆጤ እናት፦
ስለ ዘላለሙ እናንተ ቀጥሉ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩም፣ መድረሳ የምታስቀሩም፣ ስለ እሳት ስታስተምሩ የጎረቤትን ሃይማኖት ምሳሌ አታድርጉ። አንዱ የራበውን ያላበላ፣ ሌላው የየቲም ገንዘብ የበላ እየተባለ ይማር። መጽሐፎቻችሁ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚያስተምሩት፤ አሁን አሳያችሁኝ።

ወንጌላዊ ከአራዳ፦
በዚህ አልስማማም። ምሳሌው የሥራ ብቻ ከሆነ ልጁ በሥራው እንደሚድን ያስባል። እምነትን ከገሃነም ትምህርት ማውጣት ወንጌልን ማጉደል ነው።

የሆጤ እናት፦
እምነትን አውጡ አላልኩም። የራሱን እምነት አስተምሩት። የኔ እህት የምትገባበትን ግን ለልጄ አትንገሩብኝ። እሱን እናንተም አታውቁትም።

የሸዋ በር ደረሳ፦
ከፊታችን ጁምዓ በኋላ ይሄን ከኡስታዞቹ ጋር አነሳዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። የሰንበት ተማሪው ወንድሜም በእናንተ በኩል ቢያነሳው ጥሩ ነው።

የመድኃኔዓለም ሰንበት ተማሪ፦
አነሳዋለሁ። ግን ሁሉም እሺ ይላል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንደ ወንጌላዊው የሚያስብ እኛም ጋ አለ።