የቤት ሽያጭ ወኪል ቅድሚያውን ለየትኛው ሥራ ይስጥ?

ጠያቂ፦ ሰሚት አደባባይ

ሰላም ለሁላችሁም። ቦሌ፣ ሰሚትና ሲኤምሲ አካባቢ ቤት በማሻሻጥና በማከራየት ነው የምሠራው። እጄ ላይ ቪላም፣ ጂ+2ም፣ ኮንዶሚኒየምም፣ የሚከራይ አፓርታማም አለ። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ግማሹ ቴሌግራም ላይ ያየውን ቤት ዋጋ የሚጠይቅ ነው፣ ግማሹ ደግሞ «ደንበኛ ይዣለሁ» የሚል ሌላ ደላላ። ሁሉንም ላስተናግድ ስል ለመፈረም የደረሰው ገዥ ይቀዘቅዛል። በሥራው የቆያችሁ፣ ምኑን አስቀድሜ ምኑን ላቆይ? ኪራዩን ጭራሽ ልተወው ወይ? ቀኑን እንዴት እንደምከፋፍለውም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የካርታ ሰው

ወንድሜ፣ ፊርማው የቀረበው ጉዳይ ሁልጊዜ ይቅደም። ዋጋ የተቆረጠለት ቤት ካለ የጠዋቱ ሰዓት በሙሉ የእሱ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ወረቀቱ የተሟላ ቤትና ገንዘቡ የተዘጋጀ ገዥ ነው። ሌላው ሁሉ ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

ብዙ ወኪል ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ ላይ ቀኑን ይጨርስና ወረቀቱን ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ያያል። ያኔ ቤቱ እንዳይሸጥ የተጣለ እገዳ ይገኛል፣ ወይም የተፋታች ሚስት ትመጣለች፣ ገዥውም ሌላ ቤት ያይና ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱን ከማስተዋወቅህ በፊት ካርታው (የይዞታ ማረጋገጫው) በማን ስም እንደሆነ እወቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ስምምነት ስለሚጠይቅ ሁለቱንም በአካል አነጋግር፤ «እሷ ትስማማለች» የሚለውን ቃል አትቀበል። ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ከፈታ የንብረት ክፍፍሉን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን እይና ወራሾቹን አንድ በአንድ ቁጠር፤ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው እስኪመጣ ቤቱን ወደ ኋላ አድርገው።

በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ሰነዱ ላይ «ለማስተዳደር» ብቻ ሳይሆን «ለመሸጥ» የሚል በግልጽ መኖር አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አረጋግጥ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የ5 ዓመቱ የመሸጥ ክልከላ ማለፉንና የባንክ እዳው መዘጋቱን ጠይቅ። ካርታው ላይ ያለው ካሬና መሬት ላይ ያለው አጥር ካልተጣጣሙ ስም ማዛወሩ ላይ ጣጣ አለው፤ ሻጩ ቀድሞ ይጨርሰው።

የእዳና እገዳ ማጣራቱን ግን ሁለት ጊዜ አድርገው፤ ሥራውን ስትጀምር አንዴ፣ ፊርማው ሲቃረብ አንዴ። በመካከሉ ፍርድ ቤት እግድ ሊያወጣበት ይችላል።

መልስ፦ ጃክሮስ

ስለ ቤቱ ተነግሯል፣ እኔ ስለ ገዥው ልጨምር። በመጀመሪያው ስልክ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ከእሱ ሌላ የሚወስን ሰው ማን እንደሆነና መቼ መግባት እንደሚፈልግ ጠይቅ። ጥያቄውን በአክብሮት ካቀረብከው የእውነት ገዥ አይቀየምም። «ዝም ብሎ ለማየት ነው» የሚል ሰው ክፉ አይደለም፤ ፎቶና የዋጋ ክልሉን ልከህለት በሌላ ዝርዝር ያዘው፣ ግን መንገድ አትውጣለት።

በባንክ ብድር እገዛለሁ የሚል ላይ ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩ። የባንኩ መሐንዲስ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ዋጋ በታች ነው፤ ብድሩም የሚሰላው ከግምቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ቤቱ 20 ሚሊዮን ብር ተጠይቆበት ባንኩ 14 ሚሊዮን ቢገምተውና የግምቱን 70 በመቶ ቢያበድር፣ ብድሩ 9.8 ሚሊዮን ነው። ገዥው 10.2 ሚሊዮኑን ከኪሱ ማምጣት አለበት። እሱ ግን የ20 ሚሊዮኑ 70 በመቶ መስሎት 6 ሚሊዮን ብቻ ይዞ ይሆናል። ይህ ሳይጣራ አምስት ቤት ማሳየት የሁለታችሁንም ጊዜ ማቃጠል ነው።

ከውጭ የሚደውል ገዥ ካለህ ደግሞ ወረቀቱን ከቤቱ አስቀድም። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) በእጁ መኖሩን ጠይቀው። ራሱ መጥቶ የማይፈርም ከሆነ ውክልናው ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ ውልና ማስረጃ፣ ይደርሳል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ቤቱን ሲወድ ሳይሆን መፈለግ ሲጀምር ይጀመር።

ሌላ ደላላ ሲደውል አንድ ጥያቄ ይበቃሃል፤ «ገዥውን በቀጥታ ታገኘዋለህ?» መካከል ላይ ሦስት ሰው ካለ ዋጋውም ወሬውም ተዛብቶ ነው የሚደርስህ። የኮሚሽን አከፋፈሉን በጽሑፍ መልእክት ሳትስማሙ ቦታውን አትንገረው።

ጠያቂ፦ ሰሚት አደባባይ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ካርታ አናሳይም የሚሉ ሻጮችን ግን ምን ላድርግ? ስለ ኪራዩስ?

መልስ፦ አያት ዞን 3

ሻጭ ካርታውን ለማያውቀው ሰው መስጠት ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ፎርጅድ የሚሠራ ሞልቷል። ኮፒም ፎቶም አትጠይቀው። ቤቱ ሄደህ እሱ በእጁ ይዞ እያሳየህ ስሙን፣ የካሬውን ስፋትና የቦታውን አገልግሎት አንብብ። ይህንንም እምቢ ካለ ለመሸጥ ገና አልቆረጠም፣ ወይም የደበቀው ነገር አለ። ዝርዝርህ ውስጥ ይቆይ፣ ደንበኛ ግን አትውሰድበት። ፈቃደኛ ከሆነው ጋር ኮሚሽኑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና አንተ ላመጣኸው ገዥ በጎን ቢሸጥ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ አጭር ውል ተፈራረሙ።

ኪራዩን አትተወው የሚል ነው የእኔ ሐሳብ። ሽያጭ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ኪራይ ባይኖር የትራንስፖርትና የካርድ ወጪህን የሚሸፍን አይኖርም። ወጪ ሲጫንህ ደግሞ ሻጭና ገዥን ማቻኮል ትጀምራለህ፣ ያ ሽያጩን ያበላሻል። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለኪራይ መድብና ተከራዮቹን በግማሽ ሰዓት ልዩነት አከታትለህ አንዱን ቤት አሳያቸው። አከራዩንም የአዋጅ 1320/2016ን ግዴታ ቀድመህ አስረዳው፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የ6 ወር ካልተከፈለኝ የሚል አከራይ ላይ ጊዜ አታጥፋ።

መልስ፦ የካርታ ሰው

ስለ ቀኑ አከፋፈል፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት በመደበኛው 2:30 ይጀምራል፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ 5:30 ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ የክፍለ ከተማና የውልና ማስረጃ ጉዳይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ይሁን፤ ዓርብ የተቀጠረ ፊርማ አንድ ወረቀት ሲጎድለው ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ይዞራል። ቤት ማሳየት ከሰዓት፣ ብርሃን ሳለ። ቅዳሜና እሑድን ተቀጥረው ለሚሠሩ ገዥዎች ተውላቸው። ስልክ መልሶ መደወልን ደግሞ ከምሳ በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ብታደርገው ለፊርማ የተቀመጡ ሰዎች ፊት ስልክ አታነሳም።

ዋጋ በተቆረጠበት ቀን ሌላ ቤት ለማሳየት አትሩጥ። ሻጩም ገዥውም የሚያመጡትን፣ ኦርጅናል ካርታ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ ጽፈህ በዚያው ምሽት ላክላቸው። ወጪውንም አስላላቸው። ስም ማዛወሩ ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ ሌላም ክፍያ ይከተላል፣ ሻጩን የሚመለከት ግብርም ሊኖር ይችላል። ማን የቱን እንደሚከፍል ዋጋው ሲቆረጥ አብሮ ካልተነገረ፣ ጭቅጭቁ የሚነሳው ውልና ማስረጃ ወረፋ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ መመለስ ስለማይፈልግ ልዩነቱን ከአንተ ኮሚሽን ላይ እንድትቀንስ ነው የሚጠይቁህ።